በሲባጎ ስለታሰረው የሕፃን አልጋ ለክቡር አቶ ገነነ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ገነነ ያረጋል፣
የመምሪያ ኃላፊ፣
ፍኖተ ሰላም።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የወንበርዎን ጽናት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከደምበጫ ወዲህ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ቅኔ የማስተምር፣ መሪጌታ ቴዎፍሎስ አለበል የምባል ሽማግሌ ነኝ። በስሜ የሚያስታውሱኝ አይመስለኝም። በመምሪያዎ የዕቅድ ክፍል ባለሙያ የነበረችው የዮርዳኖስ አባት ነኝ፤ ባለፈው ሚያዝያ በመምሪያዎ የሕፃናት ማቆያ፣ በመምሪያዎ አልጋ ላይ የሞተችው የሕፃን አደይ አያት ነኝ። ይህን የማነሣው ለወቀሳ እንዳይመስልዎ፤ ጉዳይ የበዛበት ሰው ይረሳል ብዬ ነው።

ደብዳቤዬን በወጉ በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቼ ነበር። "ኃላፊው መስክ ወጥተዋል" ተባልኩ፤ ሌላ ጊዜ ስመለስ "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልኩ፤ ከዚያም ደብዳቤው ራሱ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ስለዚህ ዳግመኛ እንዳይጠፋ ሁሉም ሰው እንዲያነበው አድርጌ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። የምጽፈውም ምስጋና ስለሆነ በአደባባይ ቢነበብ የሚያሳፍርዎ ነገር አይኖረውም።

አንደኛ፣ ማቆያውን ስለከፈቱልን አመሰግናለሁ። ዮርዳኖስ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ልጇን የምትተውበት አልነበራትም። ባሏ ስመኘው የቆጋ መስኖ ባለሙያ በመሆኑ ሳምንቱን ሙሉ የሚያድረው መራዊ ነው፤ እናቷን ከቀበርን ቆይተናል፤ እኔም ተማሪዎቼን በትኜ ከተማ መግባት አልቻልኩም። በዚህ ጭንቅ መካከል ስልክ ደውላ፣ "አባዬ፣ መሥሪያ ቤታችን የሕፃናት ማቆያ ሊከፍት ነው፤ አልጋዎቹም በርዳታ ከውጭ መጥተዋል፤ ለማጥባት ደረጃ መውረድ ብቻ ነው" አለችኝ። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ስምዎን ጠርቼ መርቄዎታለሁ። ምርቃቱ መድረሱን ከሹመትዎ አያያዝ አያለሁ።

ሁለተኛ፣ አልጋዎቹ በተገጠሙበት ፍጥነት ያደረብኝን አድናቆት ልገልጽ እወዳለሁ። አልጋዎቹ ተበታትነው በካርቶን ታሽገው ነው የመጡት። የካርቶኑ ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ቢሆንም ሥዕሉ ለእኔ ቢጤውም ግልጽ ነበር። በጀርባው ለተኛ ሕፃን አልጋው አራት ጎን አለው፤ ወለሉም ከፍ ብሏል። ሕፃኑ መቀመጥ ሲጀምር ወለሉ ወደ ታች ይወርዳል። በእግሩ ቆሞ ሲሄድ ብቻ አንደኛው ጎን ተፈትቶ የትንሽ ልጅ አልጋ ይሆናል። እኔ ይህን ሥዕል ያየሁት ካርቶኖቹ በጥበቃው ጎጆ ላይ የዝናብ መከለያ ሆነው ከተዘረጉ በኋላ ነው። እርስዎ ግን ከባሕር ዳር እንግዶች የሚመጡበት ቀን ስለተቃረበ ሥዕል በመመልከት ጊዜ እንዲባክን አልፈቀዱም። ሾፌሩና ጥበቃው ከምሳ በኋላ ጀምረው ሳይመሽ ጨረሱ። አንድ ፌስታል ብሎን ተርፏቸው ቢያሳዩዎ፣ "ፈረንጅ ሁልጊዜ ትርፍ ነው የሚልከው" ብለው እንዳሳቋቸው ይነገራል።

ሦስተኛ፣ ለሕፃናቱ ስላሳዩት ርኅራኄ። ከአልጋዎቹ ጋር የመጡት ፍራሾች ስስና ጠንካራ ነበሩ፤ ከአራቱም ጎን ጋር ልክክ ብለው የተሠሩ። እርስዎ በአውራ ጣትዎ ተጭነው፣ "ይህ ድንጋይ ላይ ነው ልጅ የምታስተኙት?" ብለው ተቆጡ፤ ከገበያም ወፍራም፣ ለስላሳ፣ አበባ የታተመበት ስፖንጅ አስመጡ። ስፖንጁ ጠበብ ያለ ስለነበረ በጎኑ ክፍተት ቀረ፤ ወፍራም ስለነበረም ሕፃናቱን ወደ ላይ አንሥቶ የአልጋውን ጎን አሳጠረው። ሲዳሰስ ግን እጅግ ይመቻል። ከቀብሩ በኋላ እኔ ራሴ ዳስሼዋለሁ፤ ዓይነቱ ጥሩ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ምረቃው። የካሜራ ባለሙያው፣ "ጎኑ ከለላቸው፤ ሕፃናቱ አይታዩም" ባለ ጊዜ እርስዎ ወዲያውኑ የየአልጋውን የፊት ጎን አስፈቱ። ሕፃናቱ በሚገባ ታዩ፤ ሪባኑ ተቆረጠ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ፎቶው እስከ ዛሬ በኮሪደሩ ተሰቅሎ አለ፤ አደይም በዳር በኩል ጣቷን ጎርሳ ትታያለች። ከምረቃው በኋላ ጎኖቹን መልሶ ለመግጠም ብሎኖቹ ቢፈለጉ ክፍሉ ሲጠረግ አብረው ተጠርገዋል፤ ያ የትርፉ ፌስታልም የት እንደተጣለ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ይህም ሥራዎን አላስተጓጐለውም፤ ጎኖቹ በሲባጎ ታሰሩ። ቋጠሮው ያምር ነበር ይላሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መደርደር አቃተኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደሆነው እነግርዎታለሁ።

ሕፃናቱን የምትጠብቀው ሞግዚት አልጣሽ ትባላለች። ከቡሬ ገጠር የመጣች፣ የራሷን ልጆች አሳድጋ የጨረሰች፣ ከእርስዎም በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ናት። አደይን "እመቤቴ" እያለች ነበር የምትጠራት፤ አደይም ድምፅዋን ስትሰማ እግሯን ታወናጭፍ ነበር። አደይ መገላበጥ በጀመረች ሰሞን አልጣሽ ቢሮዎ ድረስ መጥታ፣ "ጌታዬ፣ በስፖንጁና በጎኑ መካከል ያለው ክፍተት እጄን ያስገባል፤ ገመዱም እየላላ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ አንድ ቦታ አይተኙም" አለችዎ። እርስዎም ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ፣ "ጋቢ ጠቅጥቂበት። ለዚህ ለዚህም ኃላፊ ዘንድ ይመጣል እንዴ?" አሏት። ጠቀጠቀችበት። ትእዛዝዎን አክባሪ እንደሆነች እኔም ምስክር ነኝ።

በዚያን ቀን በመምሪያው ትልቅ ስብሰባ ነበር። ውሃ የሚያድል ሰው በመጥፋቱ እርስዎ ራስዎ በማቆያው በር ብቅ ብለው፣ "አልጣሽ፣ ነይ ለእንግዶቹ ውሃ አድርሺ" አሉ።

"ልጆቹን ለማን ልተዋቸው?" ብትልዎ፣ "ተኝተው የለም እንዴ? ማን ይወስዳቸዋል!" አሏት። ልጇን አጥብታ ስትወጣ የነበረች አንዲት እናት ይህን በጆሮዋ ሰምታለች።

አልጣሽ የውሃውን እሽግ ታቅፋ አዳራሽ ገባች። እርስዎም መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ሴት ሠራተኞች ተጠቃሚነት መናገር ጀመሩ። አልጣሽ አድላ ስትመለስ አደይ ተገላብጣ ነበር። ለስላሳው ስፖንጅ ከክብደቷ ጋር አጋድሎ፣ ጋቢው ወደ ታች ሾልኮ፣ ሲባጎው ተለጥጦ፣ አካሏ በክፍተቱ ወርዷል፤ ራሷ ግን ከላይ በስፖንጁና በጎኑ ርብራብ መካከል ተይዞ ቀርቷል። የአልጣሽ ጩኸት አዳራሹ ድረስ ተሰማ። እርስዎም ንግግርዎን ሳያቋርጡ በሩ እንዲዘጋ በእጅዎ ምልክት ሰጡ። እንዲህ ያለውን የመንፈስ ጽናት እኛ በገዳም ለሚኖሩ አባቶች ነበር የምንሰጠው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ከወንበሯ የተነሣች ዮርዳኖስ ብቻ ናት።

በባጃጅ ይዘዋት ወደ ሆስፒታል ሮጡ። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ።

"አባዬ" አለችኝ ዮርዳኖስ፤ "አደይ እጄ ላይ ናት። ግን የለችም።"

"ምን ማለትሽ ነው ልጄ?" አልኳት።

"እጄ ላይ ናት፣ አባዬ" ብላ ደገመችልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያችን ግን መፍታት አቃተኝ። ተማሪዎቼ ናቸው ስልኩን ከጆሮዬ ያነሡት።

በደብራችን ቀበርናት። የክርስትና ስሟ እህተ ማርያም ነው። በግንዘቱ ላይ ስሟ ሲጠራ የማውቀው ዜማ ከአፌ ጠፋ፤ ሌሎች ተቀብለው ጨረሱልኝ። ስመኘው ሳጥኗን ማንም እንዲያግዘው ሳይፈቅድ በአንድ ክንዱ አቅፎ እስከ ጉድጓዱ ወሰዳት። መምሪያው መኪናና የአበባ ጉንጉን ስለላከልን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጉንጉኑ ከሳጥኗ ይበልጥ ነበር። ሠራተኞቹ ለቀብር የወጡበት ግማሽ ቀን ከዓመት ፈቃዳቸው እንዲቀነስ ማዘዝዎንም ሰምቻለሁ። የመንግሥት ሥራ እንዳይበደል ያለዎትን ጥንቃቄ ሕፃናቱ ቢያገኙት ኖሮ ብዬ አልመኝም፤ ጥንቃቄ ለሁሉም እንደማይዳረስ ይገባኛል።

ሐዘን ተቀምጠን ሳለ አልጣሽ መታሰሯን ሰማን። ያቋቋሙት ኮሚቴ፣ አልጋው እንከን እንደሌለበትና አደጋው የደረሰው ሞግዚቷ ሥራ ቦታዋን ያለ ፈቃድ ጥላ በመሄዷ እንደሆነ ደምድሞ ለፖሊስ አመልክቷል። ስፖንጁ አልተነሣም፤ ሲባጎው አልተነሣም፤ ውሃውም አልተነሣም። ዮርዳኖስ ይህን ስትሰማ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ዘመዶቻችን፣ "ሐዘንተኛ ሆነሽ የት ትሄጃለሽ?" ብለው ሊይዟት ሞከሩ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደለበሰች ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

ፖሊስ ጣቢያ ገብታ፣ "ልጄን የገደሏት እትዬ አልጣሽ አይደሉም። ውሃ አድርሺ ብሎ የጠራቸውን ሰው ጠይቁልኝ" አለች። መርማሪው ቃሏን ጻፈ። አልጣሽን በዋስ ሊለቃት እንደሚችል ሲነግራትም፣ "ዋሱ እኔ ነኝ" አለችው።

"የሟቿ እናት አይደለሽም እንዴ?" ብሎ ጠየቃት።

"ነኝ። ስሜን ጻፈው።"

አልጣሽ ከበሩ ስትወጣ በዮርዳኖስ እግር ሥር ወደቀች። ዮርዳኖስም በሁለት እጇ አነሣቻትና፣ "ይነሡ እትዬ። እኔም ያንን ገመድ በየጠዋቱ አየው ነበር፤ መሥሪያ ቤት ያሰረው ነው ብዬ አመንኩት" አለቻት። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር፤ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ጋሪዎች ገበያተኛ ጭነው ያልፉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሮዎ የተቀበሉኝ። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ለስላሳ መጠጥ አዘዙልኝ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። "መሪጌታ፣ እርስዎ ሊቅ ነዎት፤ ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ" አሉኝ። ያን ቀን ተነሥቼ እጅ ነሥቼ ወጣሁ። አሁን ልመልስ። ክቡር ሆይ፣ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ጠጉሬ እስኪነጣ ተምሬአለሁ፣ አስተምሬአለሁ፤ ፈቃዱ በሲባጎ ሲታሰር ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘሁም። ስፖንጁን በአውራ ጣቱ የመረጠው እርሱ አይደለም። በሩን በእጁ ያስዘጋው እርሱ አይደለም። እርስዎ በትሕትናዎ ሥራዎን ሁሉ ለፈጣሪ ቢሰጡም፣ እርሱ የሰውን ሥራ ቀምቶ የራሴ ነው የማይል አምላክ ነው። ሊቅ ካሉኝ ዘንድ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፦ አልጋ የሚለው ቃል በአባቶቻችን አነጋገር የሹመት መቀመጫም ስም ነው። በዚያ ሕንፃ ሁለት ዓይነት አልጋ ነበረ፤ አንደኛው ብሎኑ ጠብቆ የተገጠመ፣ ሌላው በሲባጎ የታሰረ። የቱ የማን እንደሆነ ቅኔ ቤት ያልገባም ሰው ይለየዋል።

ክረምቱ ሲወጣ አልጋዎቹ በአይሱዙ ተጭነው ቡሬ ወዳለው ቅርንጫፍ እንደተላኩ ሰማን። እዚያም ማቆያ ሊከፈት ነበር። ሲባጎው ተፈትቶ በአዲስ ሲባጎ መተካቱን፣ እንጨቱም ቢጫ ቀለም መቀባቱን ኋላ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለዚህ ማሻሻያ አመሰግናለሁ። መንገድ ክፍት በመሆኑ በምረቃው ቀን እኔና ዮርዳኖስ በአውቶቡስ ሄድን። ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም። በመንገዱ ሁሉ ምን ልታደርግ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

በበሩ ላይ ሪባን ተወጥሮ፣ እርስዎ መቀስ ይዘው ቆመው ነበር። በውስጥ እናቶች ልጆቻቸውን በየአልጋው አስተኝተው ፎቶ ይጠብቃሉ። ዮርዳኖስ እጅ ነሣችዎና በሪባኑ ሥር ጎንበስ ብላ አልፋ ገባች። የሚከለክላት አልተገኘም፤ ጥቁር የለበሰች ሴት መያዝ ይከብዳል መሰለኝ። ወደ ቅርቡ አልጋ ሄዳ እጇን በስፖንጁና በጎኑ መካከል እስከ ክርኗ ከተተችው።

"ልጄ የገባችው በዚህ ነው" አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "በዚህኛው አልጋ ይሁን በዚያኛው አላውቅም፤ ቀለም ቀቡብኝ። እጃችሁን አስገቡና እዩት።"

አንዲት እናት እጇን አስገባች። ከአጠገቧ ያለችውም አስገባች። ማንም አልጮኸም፤ ማንም አልተሳደበም። ልጆቻቸውን እያነሡ፣ በሪባኑ ሥር ጎንበስ እያሉ በፊትዎ አለፉ። እርስዎም በድምፅ ማጉያው፣ "እባካችሁ ስሜታዊ አንሁን" አሉ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ከእርስዎ በቀር ድምፁን ያሰማ ሰው ግን አልነበረም። ክፍሉ ባዶ ሆነ። ሪባኑ ሳይቆረጥ ቀረ።

መናኸሪያው አጠገብ ስንደርስ ዮርዳኖስ፣ "አባዬ፣ ራበኝ" አለችኝ። ልጇ ከሞተች ወዲህ በራሷ አፍ ምግብ ስትጠይቅ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። ሽሮ አስቀረብኩላት፤ እየበላች አለቀሰች፤ እያለቀሰች ጨረሰችው።

ብዙ ሳይቆይ "የመምሪያውን መልካም ስም በማጉደፍ" ከሥራ አገዷት። ይህንንም በአክብሮት ተቀብለናል፤ አንድ ሰው በአንድ ክንድ ያን ያህል መልካም ስም ማጉደፍ መቻሉ እኔንም አስደንቆኛል። አሁን ከእኔ ዘንድ ናት። ስመኘው በሰንበት ይመጣል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የቡሬ እናቶች አልጋዎቹን አንቀበልም በማለታቸው መጋዘን ተቆልፎባቸዋል። ይህ የልጄ ሥራ ስለሆነ በሪፖርትዎ ውስጥ እንዳያካትቱት አደራ እላለሁ።

የአልጣሽ ክስ ግን አልተዘጋም፤ በቅርቡ ችሎት ትቀርባለች። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ አንዲት ልመና አለችኝ። ችሎቱ በሚውልበት ቀን መስክ ሳይወጡ፣ ስብሰባም ሳይጠሩ፣ ቀርበው "ውሃ አድርሺ ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ" ይበሉ። ያን ቀን ልጇን አጥብታ ስትወጣ የነበረችው እናት የሰማችውን ትመሰክራለች፤ ዮርዳኖስም ትቆማለች፤ ነገሩ ያለ እርስዎም ይነገራል። ቢሆንም ከእርስዎ አፍ ቢወጣ አልጣሽን ከብዙ እንግልት ያድናታል። እርስዎ ንግግር አዋቂ ነዎት፤ ይህቺ አጭር ናት፤ ጭብጨባም የለባትም።

በዕድሜ ከፊትዎ፣ በሥልጣን ከእግርዎ ሥር፣ በችሎቱ ቀን ደግሞ ከዓይንዎ ፊት ለፊት የምገኝ፣ እጅ ነሥቼም የማልጠፋ፣

መሪጌታ ቴዎፍሎስ አለበል
የአደይ አያት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ባለቤትዎ በሰላም መገላገላቸውን፣ ሴት ልጅም ማግኘትዎን ሰማሁ። የመጋዘኑ ሰው፣ "ጌታዬ፣ አልጋዎቹ ዝም ብለው ተቀምጠዋል፤ አንዱን ለልጅዎ ላምጣልዎ?" ቢልዎ፣ "ኧረ በስመ አብ! የእኔ ልጅ እናቷ ጎን ነው የምትተኛው" ብለው እንደመለሱለትም ሰማሁ። ኮሚቴዎ እንከን የለውም ብሎ ማኅተም ስለመታበት አልጋ ከእርስዎ አፍ የወጣች እውነተኛ ቃል ይህቺ ናትና ለዳኛውም ሳይቀንሱ ይንገሩልኝ። ልጅዎን እግዚአብሔር ያሳድግልዎ፤ ይህቺን ያለ አሽሙር ነው የጻፍኳት።